ጂኦሜትሪ ለከበደው የ6ኛ ክፍል ተማሪ በእጅ የሚዳሰስ ምሳሌ ብትጠቁሙኝ

አስጠኚው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሕንድስና ተማሪ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ቤቱ እየሄድኩ አስጠናለሁ። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል አያስቸግረውም፤ ክፍልፋይም ቢሆን ትንሽ ከታገዘ ይወጣዋል። ጂኦሜትሪ ላይ ስንደርስ ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ እርሳሱን ማኘክ ይጀምራል፤ ከዚያም ሥዕሉ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አንዴ ይደምራቸዋል፣ አንዴ ያባዛቸዋል።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን ወርክሺት አብረን ስናየው ሁለት መልሶች በተለይ አስገረሙኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል አሳይቶ ስፋቱን ፈልጉ ይላል። ልጁ የጻፈው «5» ነው። ከጎኑ ምንም ስሌት የለም፤ አምስት ብቻ። ሁለተኛው ወደ ጎን ያዘነበለ ፓራሌሎግራም ሲሆን መሠረቱ 10፣ ያዘነበለው ጎኑ 6፣ በነጠብጣብ የተሠመረው ቁመቱ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። እሱ 10ን በ6 አባዝቶ 60 አገኘ። «ቁመቱ የቱ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ጣቱን ሳያመነታ ባዘነበለው ጎን ላይ አሳረፈ። ነጠብጣቡን መስመር ሳሳየው «እሱማ መስመር ነው» አለኝ።

የሚያናድደው ቀመሮቹን በቃሉ ማወቁ ነው። ስፋት ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ መሆኑን በእንቅልፍ ልቡም ቢጠየቅ ይመልሳል። እኔም ሌላ መላ ሲጠፋኝ ሃያ ሃያ ጊዜ አስጽፌው ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ለማስተማሪያ የሚሆኑ የፕላስቲክ ቅርጾች ሲሸጡ አይቻለሁ፤ ዋጋቸው ግን ለቤተሰቡ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ባለ ዕቃ፣ ልጁ በገዛ እጁ እየነካና እየለካ ስፋትን፣ ዙሪያንና ቁመትን የሚለይበት መንገድ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር

ልጄ፣ ተማሪህ የጻፈውን «5» በስሕተትነቱ ብቻ አትየው። 31 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ለብዙ ዓመታትም የስንፍና ምልክት እየመሰለኝ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ነገሩ የገባኝ አንዲት ተማሪዬ «መምህር፣ የመንገዱ ስፋት ስንት ነው ሲባል ወርዱ ማለት አይደለም እንዴ?» ብላ የጠየቀችኝ ዕለት ነው። እውነቷን ነው። የመንገድ ስፋት፣ የበር ስፋት፣ የወንዝ ስፋት ስንል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ርቀት ማለታችን ነው። የሒሳብ መጽሐፉ ግን ያንኑ ቃል ወስዶ ቅርጹ የሚሸፍነውን ገጽ በሙሉ ይጠራበታል፤ ቃሉ ሁለት ሥራ እንደያዘ ለልጁ የነገረው ሰው የለም። ተማሪህ የተጠየቀውን በቤቱ አማርኛ ተረድቶ በቤቱ አማርኛ መልሷል።

ቁመትም እንዲሁ ነው። ግድግዳ የተደገፈ ሰው ቁመቱ አያጥርም፤ የተኛ ሰውም ቁመቱ ያው ነው። እንግዲህ ያዘነበለ ፓራሌሎግራም «ቁመቱ የቱ ነው?» ሲባል ልጅ ጣቱን ያዘነበለው ጎን ላይ ቢያሳርፍ ምን ይደንቃል? «ካሬ» የምንለውም ቃል የራሱ ጣጣ አለው። አራት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ቀጤ ማዕዘን ቅርጽ ካሬ ይባላል፤ «200 ካሬ ቦታ» ሲባል ደግሞ ቦታው ጠባብና ረጅምም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀመር ከማስጻፍህ በፊት እነዚህን ሦስት ቃላት በእጁ እንዲነካቸው አድርግ።

ከካሬው ጀምር። በግቢው ሲሚንቶ ላይ ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ በጠመኔ አሠምረውና መሐሉ ይቁም። «200 ካሬ ቦታ» ማለት ይህን የመሰለ 200 ቁራጭ የሚያስነጥፍ መሬት መሆኑን ያን ጊዜ ንገረው። ቀጥሎ ጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ካሬ በካርቶን ቆርጣችሁ፣ ትልቁን ለመሸፈን ስንት እንዲህ ያለ ካርቶን እንደሚያስፈልግ አስገምተው። አብዛኛው ልጅ ሁለት ይላል። እንዳትቸኩልና እንዳታርመው፤ ካርቶኑን ራሱ እያነሣ ያስቀምጥ። አራተኛውን ሲያስቀምጥ ዝም የሚልባትን ጊዜ አትንጠቀው።

ከዚያ ስፋትንና ዙሪያን ለመለየት ክብሪት ይበቃሃል። ከካርቶን ጎናቸው የአንድ ክብሪት እንጨት ርዝመት ያላቸው 25 ካሬዎች ቁረጡ። ክብሪቱ አጥር፣ ካርቶኑ የግቢ ንጣፍ ይሁን። 20 ክብሪት ስጠውና በእነዚያው ብቻ የተለያዩ አራት ማዕዘን ግቢዎች ያጥር፤ በየግቢው ስንት ካርቶን እንደሚነጠፍም ይቁጠር። 1 በ9 ሲያጥር 9 ካርቶን፣ 2 በ8 ሲሆን 16፣ 3 በ7 ሲሆን 21፣ 4 በ6 ሲሆን 24፣ 5 በ5 ሲሆን 25 ይይዛል። አጥሩ ምንጊዜም 20 ነው፤ ግቢው ግን ከ9 እስከ 25 ይሄዳል። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ 4 በ4 እና 3 በ6 የሆኑትን ግቢዎች በመጀመሪያው ቀን አታምጣ። የመጀመሪያው ዙሪያውም ስፋቱም 16፣ የሁለተኛው ሁለቱም 18 ስለሆኑ፣ ገና መለየት የጀመረውን ልጅ መልሰው ያምታቱታል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

የመጨረሻው የፓራሌሎግራሙ ነው። አራት ስትሮ ውሰድ፤ ሁለቱን ሙሉውን ተዋቸው፣ ሁለቱን እኩል አሳጥራቸው። በውስጣቸው ክር አሳልፈህ አራቱን ጥግ እንደ ማጠፊያ እንዲላወስ አድርገህ እሰር። ትሪ ላይ ሬክታንግል አስመስለህ አስቀምጠውና ውስጡን በድፍን ምስር አንድ ንጣፍ ብቻ አድርጋችሁ ሙሉት። አሁን ልጁ ሁለቱን ተቃራኒ ጥጎች ይዞ ቀስ ብሎ ይግፋ። ጎኖቹ አልረዘሙም፣ አላጠሩም፤ ምስሩ ግን ቦታ አጥቶ እላይ በላይ መቆለል ይጀምራል። በዚያ ቅጽበት «ምን ጠፋ?» ብለህ ጠይቀው፤ መልሱን ግን አንተ አትስጠው።

ፎርማኑ

መምህር፣ ጽሑፍዎን ሳነብ ገና ልጅ ሳለሁ በእርስዎ ክፍል ባለመማሬ ቆጨኝ። እኔ ትምህርቴን ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ ወደ ግንባታ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ላለፉት 17 ዓመታት ግን ያለ ጂኦሜትሪ የዋልኩበት ቀን የለም። ለወንድማችን ከሥራ ቦታ ሁለት ምሳሌ ልጨምር።

ዙሪያንና ስፋትን ለመለየት ከሴራሚክና ከዞኮሎ የተሻለ ነገር አላየሁም። ሴራሚክ ወለሉን ይሸፍናል፤ በካሬ ይገዛል። ዞኮሎ የወለሉን ዳር ተከትሎ በግድግዳው ሥር ይዞራል፤ በሜትር ይገዛል። አንድ ጊዜ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል ስንሠራ አንድ ጎበዝ ተለማማጅ «ወለሉ 12 ነው» ብሎ 12 ሜትር ዞኮሎ ገዝቶ መጣ። የክፍሏ ዙሪያ 14 ሜትር ነው፤ የ90 ሴንቲ ሜትሩ በር ሲቀነስ 13 ሜትር ከ10 ይቀራል። አንድ ሜትር ከአሥር ጎድሎን ከሰዓቱን ሥራ ፈተን ዋልን። ልጁ ከዚያ በኋላ ሁለቱን አምታትቶ አያውቅም፤ ባለቤቱም የተናገሩትን የሚረሳ አይመስለኝም። ተማሪዎ ያለበትን ክፍል በሜትር ይለካ፤ ለሴራሚኩና ለዞኮሎው የግዢ ወረቀት ራሱ ይጻፍ። በ40 በ40 ሴራሚክ ከሆነ በ4 ሜትሩ በኩል 10፣ በ3 ሜትሩ በኩል ሰባት ተኩል ይገባል፤ ጠቅላላው 75 ነው። ያቺ «ተኩል» ጥሩ ጥያቄ ታመጣለች፤ ከአንድ ሴራሚክ ሁለት ግማሽ እንደሚወጣ ልጁ ራሱ ይድረስበት።

ቁመትን በተመለከተ እኛ ጋ ክርክር የለም፤ ቁመት ቱምቢው (ጫፉ ላይ ክብደት ታስሮበት ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው ክር) የሚለካው ነው። ቱምቢ ከሌለ በክር ጫፍ ቁልፍ ማንጠልጠል ይበቃል። አንድ ሜትር የሆነ የመጥረጊያ እንጨት ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ እግሩ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከእንጨቱ ራስ ክሩን ወደ መሬት ልቀቁና ለኩት፤ 80 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እንጨቱ አሁንም አንድ ሜትር ነው፤ የደረሰበት ከፍታ ግን 80 ብቻ ነው። እግሩን ይበልጥ ቢያርቁት እንጨቱ ሳያጥር ክሩ ያጥራል። መምህር እንዳሉት የሰው ቁመት የእንጨቱ ዓይነት ነው፤ የሒሳቡ ቁመት ግን ክሩ ነው። 60፣ 80፣ 100 መሆናቸውም በአጋጣሚ አይደለም፤ መሠረት ስናወጣ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተን ሰያፉ 5 ሜትር ሲመጣ ነው ጥጉ ስኳድራ (ልክ 90 ዲግሪ) መሆኑን የምናምነው። ያንን ግን ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ያቆዩለት።

የገጠር መምህርት

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ በድንጋይ፣ በገለባና በገመድ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ልጆቹ ይደሰታሉ፤ ክፍሉ ይሞቃል። በሳምንቱ «ባለፈው ምን ተማርን?» ስላቸው ግን «ባቄላ ቆጠርን» ይሉኛል። ባቄላው ቀረ፤ ስፋቱ ጠፋ። ስለዚህ ወንድሜ አስጠኚው፣ ትሪው ከመነሣቱ በፊት ልጁ ያየውን በደብተሩ ላይ ይሣለው፤ ከሥዕሉ ሥር በራሱ አማርኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ቀመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ይህ በዚያው ዕለት መሆን አለበት። ለነገ ከተባለ ምስሩ ተመልሶ ወጥ ቤት ይገባል፤ ትምህርቱም አብሮት።

ሌላው፣ ልጁ ቅርጾችን የሚያውቃቸው በመልካቸው ነው ወይስ በጠባያቸው? ለማወቅ ቀላል ነው። ከወረቀት የተቆረጠ ካሬ አሳየውና ምን እንደሆነ ጠይቀው። ከዚያ እያየህ በጥጉ እንዲቆም አዙረውና ድጋሚ ጠይቀው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ «አሁን ካሬ አይደለም» ይላሉ፤ ወረቀቱ ግን ያው ወረቀት ነው። ኔዘርላንዳውያኑ ባልና ሚስት መምህራን ፒየር ቫን ሂለ እና ዲና ቫን ሂለ-ገልዶፍ እ.ኤ.አ. በ1957 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናታቸው የጂኦሜትሪ ዕውቀት በደረጃ የሚወጣ መሆኑን አሳይተዋል፤ ልጅ መጀመሪያ ቅርጽን በጥቅል መልኩ ይለያል፣ ጎኑንና ዘዌውን (አንግሉን) ቆጥሮ በጠባዩ የሚለየው ከዚያ ቀጥሎ ነው። መምህሩ በላይኛው ደረጃ ቆሞ ሲናገር ተማሪው በታችኛው ካለ፣ ሁለቱም አማርኛ እየተናገሩ አይግባቡም። እኔን የገረመኝ ይህ በእኔ ክፍል በየቀኑ የሚሆን መሆኑ ነው።

ስለ ዘዌ አልጠየቅህም፤ ይሁን እንጂ መምጣቱ ስለማይቀር አንድ ምሳሌ ልስጥህ። የግድግዳ ሰዓት ካላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሞላ አብራችሁ ተመልከቱት። እኛ ሁለት ሰዓት እንላለን፤ አጭሩ ቀስት ግን 8 ላይ ነው። ከ12 እስከ 8 ያለው ትንሹ ዘዌ 120 ዲግሪ ነው። ቀስቱ እንደ አነጋገራችን 2 ላይ ቢሆን ኖሮ 60 ይሆን ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ 180 ይሆናሉ፤ ምክንያቱም 2 እና 8 በአንድ ቀጥተኛ መስመር ጫፍና ጫፍ ላይ ናቸው። አንድ ሰዓትን ይሞክረው፤ 30 እና 150 ያገኛል። ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርስ ሁለቱም 90 ሆነው ሲያገኛቸው ደግሞ ለምን እንደሆነ እሱ ይንገርህ። የሰዓት አቆጣጠራችንና የሰዓቱ ቁጥር አለመግባባታቸው እንዲህ ሲጠቅም ያየሁት በዚህ ብቻ ነው።

የጎነ ሦስት ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑን ለማሳየትም ወረቀት ቆርጦ ሦስቱን ጥግ ቀዶ ጎን ለጎን መግጠም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከመቅደዱ በፊት በየጥጉ ነጥብ ያድርግ። አለበለዚያ ከተቀደደ በኋላ የወረቀቱን ጥግ ከተቀደደው ጫፍ መለየት አቅቶት የተሳሳተውን ይገጥማል።

አስጠኚው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ስለሞከርኩት የሆነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ሳላስተምር «ስፋት ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እጆቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግቶ «እንዲህ» አለኝ፤ መምህር ያሉት ቃል በቃል ደረሰ። ከክብሪቱና ከካርቶኑ በኋላ ግን በራሱ ጊዜ «የአጥሩ» እና «የንጣፉ» እያለ መጥራት ጀመረ፤ እኔም አላረምኩትም። እስካሁን ወርክሺት ሲሠራ ከጥያቄው ጎን በእርሳስ «አጥር» ወይም «ንጣፍ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ነው የሚያሰላው። በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ በእንግሊዝኛ እንደሚሆን ስነግረውና ስፋት «ኤሪያ» እንደሚባል ስገልጽለት «የሰፈሩ ኤሪያ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ቆም ብሎ «እሱም እኮ ንጣፍ ነው» አለኝ።

የምስሩ ነገር ከሁሉም በለጠ። ስትሮውን ሲገፋ ምስሩ መቆለል ሲጀምር ቀና ብሎ አየኝ። «ጎኑ ያው ነው፤ ቦታው ግን አነሰ» አለ። ዝም አልኩት። እየገፋ እየገፋ ሁለቱ ረጃጅም ስትሮዎች ሊነካኩ ሲደርሱ ምስሩ በሙሉ ከውስጥ ወጣ፤ «ዜሮ!» ብሎ ጮኸ። እናቱ ምስሯን ከወለሉ ላይ ስታስለቅመው አመሸ። ከመልቀሙ በፊት ግን፣ በእኅቴ በመምህርቷ ምክር መሠረት፣ ሦስት ፓራሌሎግራሞችን አሣልኩት፤ ሥራቸውም «ሲጋደም ጎኑ አይቀንስም፣ ቁመቱ ግን ይቀንሳል» ብሎ ጻፈ። በዚያው ዕለት ያንን የ60ውን ጥያቄ ተመልሶ 50 ብሎ አረመው።

አሁን የገጠመኝ አዲስ ችግር የፎርማኑ ቱምቢ ያመጣው ነው፤ ይቅርታ ይደረግልኝና። ልጁ ቱምቢውን በጣም ስለወደደው ወረቀት ላይም ሁልጊዜ ቁመትን ከላይ ወደ ገጹ ግርጌ ነው የሚያሠምረው። መሠረቱ አግድም ሲሆን ትክክል ነው። ባለፈው ሐሙስ የመጣው ጎነ ሦስት ግን መሠረት የተባለው ጎኑ ራሱ ያዘነበለ ነበር፤ እሱ ያንንም ቀጥ ብሎ ወደ ታች አሠመረውና መስመሩ መሠረቱን በሰያፍ አገኘው። ለካም መልሱን ጻፈ፤ ስሕተት ሆነ።

ፎርማኑ

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ነገሩን በግማሽ ነበር የነገርኳችሁ። ቱምቢ የሚያገለግለው ወለሉ ውሃ ልክ ሲሆን ነው። መሠረቱ ካዘነበለ ቱምቢ ያታልላል፤ ያን ጊዜ የምንጠቀመው በስኳድራ (ጥጉ ልክ 90 ዲግሪ በሆነው መለኪያ) ነው።

ልጁ መጀመሪያ ወረቀቱን ያዙር፤ መሠረት የተባለው ጎን ከፊት ለፊቱ አግድም እስኪሆን ድረስ። ያን ጊዜ የለመደው ቱምቢ ይሠራል፤ ቅርጹም ቢዞር ያው ቅርጽ መሆኑን መምህርቷ በካሬው ያሳዩት ነገር እዚህ ይገባል። ይህን ሁለት ሦስት ቀን ከሠራ በኋላ ወረቀቱን ሳያዞር ይሞክር። የደብተሩን ጥግ እንደ ስኳድራ ይዞ፣ አንዱን ጠርዝ መሠረቱ ላይ አስተኝቶ፣ ሌላው ጠርዝ ከላይ ያለውን ጫፍ እስኪነካ ድረስ በመሠረቱ ላይ ያንሸራትት። ሲነካ ያቁምና ያሥምር፤ ቁመቱ እሱ ነው። አንዳንዴ ጫፉን ከመንካቱ በፊት መሠረቱ ያልቅበታል፤ ያን ጊዜ መሠረቱን በማስመሪያ ወደ ውጭ ያስረዝመው፤ እኛም ሲባጎውን ከጥጉ አሳልፈን ነው የምንወጥረው። ደብተሩ ብቻ አዲስ ይሁን፤ ያረጀ ደብተር ጥጉ ዶልዱሞ ያሳስታል።